የማይጠፋ ቼክ ኢንጅን፦ የሰፈር መካኒክ፣ «ማሽን» ያለው ጋራዥ ወይስ የራስ ስካነር?

«እሱማ የሁሉም መኪና ላይ በርቶ ነው ያለው። እንዳላየህ ሆነህ ንዳው።»

ቼክ ኢንጅን፣ ማለትም ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ቢጫ የሞተር ምልክት፣ የበራብኝ ቀን መጀመሪያ ያማከርኩት ጎረቤቴ ያለኝ ይህን ነው። የሱ ቪትዝ ላይ መብራቱ ከተገዛችበት ቀን ጀምሮ ጠፍቶ አያውቅም። እኔም ሰማሁትና አራት ወር ነዳሁ። ቤንዚን መብላቷ ሲብስና ጠዋት ስትነሳ መንቀጥቀጥ ስትጀምር ነው የደነገጥኩት። ከዚያ ሁለት ጋራዥ ሄድኩ። ሁለት ዕቃ አስቀየርኩ። መብራቱ ግን ወይ ፍንክች። በመጨረሻ ችግሩ የተገኘው ከቤቴ በእግር አሥር ደቂቃ በማይሞላ ቦታ፣ ቆርቆሮ ጥላ ሥር የሚሠሩ መካኒክ ጋ ነው።

መኪናዬ እ.ኤ.አ. የ2003 ኮሮላ ናት፤ ባለ 1.6። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው። ሰፈሬን የጠቀስኩት በምክንያት ነው። መሀል ከተማ የሚኖር ሰው ጋራዥ ቢሳሳት ግማሽ ቀን ይከስራል። እኛ ከቱሉ ዲምቱ፣ ከኮዬ ፈጬ፣ ከየካ አባዶ፣ ከሰበታ ወይም ከቡራዩ ለምንነሳ ግን ሙሉ ቀን ነው የሚሄደው። ቤንዚኑ አለ፣ ከሥራ መቅረቱ አለ። «መኪናዋን ተዋትና ነገ ና» ከተባለ ደግሞ የታክሲ ሰልፉ ይጠብቃል።

አሮጌ መኪና ይዞ መቆየትም ምርጫ መሆኑ ቀርቷል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ያለችንን አስታምመን መያዝ ነው። ስለዚህ መብራቱን ማን ይይልን የሚለው ጥያቄ የኪስ ጥያቄ ነው። አማራጮቹን አወዳድራለሁ። አድልዎ እንዳለብኝ ግን ከወዲሁ ልናገር፤ ሁለት ጊዜ የተቃጠልኩ ሰው ነኝ።

መጀመሪያ ቀለሙን እዩ

ቀይ ከበራ የምትመርጡት ነገር የለም። የዘይት ምልክቱ እየነዳችሁ ከበራ ዳር ይዛችሁ ሞተሩን አጥፉ። «እስከ ጋራዡ ላድርሳት» ያለ ሰው ሞተር አስወርዶ ነው የሚመለሰው። የባትሪ ምልክት ሲበራ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የባትሪው አይደለም፤ ዲናሞው ወይም ቺንጊያው ነው። ሬዲዮና ማራገቢያ አጥፍቶ አጭር መንገድ መሄድ ይቻላል። ቺንጊያው ተበጥሶ ከሆነ ግን አትሞክሩት። ብዙ መኪኖች ላይ የውሃውን ፓምፕ የሚያዞረው ያው ቺንጊያ ስለሆነ ወዲያው ትፈላለች።

ስለ መፍላት ከተነሳ አንድ ነገር ልጨምር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,355 ሜትር ላይ ናት። በዚህ ከፍታ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የብዙ አሮጌ ቶዮታዎች የራዲያተር ማራገቢያ የሚነሳው ደግሞ 93 አካባቢ ሲደርስ ነው። መሀል ላይ የሚያድነን የራዲያተሩ ክዳን ነው። ግፊት ይይዝና ውሃው ቶሎ እንዳይፈላ ያደርጋል። የክዳኑ ላስቲክ ካለቀ ማራገቢያው ገና ሳይነሳ ውሃው መንተክተክ ይጀምራል። ክዳን መቀየር እያለ ራዲያተር ያስቀየረ ሰው አውቃለሁ።

ቢጫው ቼክ ኢንጅን ብልጭ ድርግም ሳይል፣ ዝም ብሎ በርቶ ከቆየ ለማሰብ ጊዜ አላችሁ። ብልጭ ድርግም ካለ ግን አንዱ ሲሊንደር በትክክል እያቃጠለ አይደለም። ያልተቃጠለው ቤንዚን ወደ ጭስ ማውጫው ይወርድና ካታሊስቱን (ጭሱን የሚያጣራውን ክፍል) ያቀልጠዋል። ነዳጁን ቀነስ አድርጋችሁ ቅርብ ወዳለው ባለሙያ ሂዱ። አማራጭ የምታወዳድሩበት ሰዓት አይደለም።

አሮጌ መኪና ልትገዙ ከሆነ ደግሞ ሞተር ሳታስነሱ ቁልፉን አዙሩ። ቼክ ኢንጅን በዚያ ሰዓት መብራት፣ ሞተሩ ሲነሳ መጥፋት አለበት። ጭራሽ ካልበራ አንድ ብልጥ አምፖሉን አውጥቶት ሊሆን ይችላል።

እንዳላዩ መሆን

የጎረቤቴ ሐሳብ ሙሉ በሙሉ ስህተት አይደለም። ካታሊስቱ ወልቆ የተሸጠ ወይም ውስጡ የተቦረቦረ መኪና ስንት አለ። እነሱ ላይ ፒ0420 የሚባለው ኮድ (የመኪናው ኮምፒውተር የሚመዘግበው የብልሽት ቁጥር) ይመጣል፤ መብራቱ አይጠፋም፤ መኪናው ግን ይሄዳል። ዛሬ ነገ የሚያስቆም ብልሽት አይደለም።

ችግሩ ሌላ ነው። የበራ መብራት እንደገና ሊበራ አይችልም። በኋላ የራሴን ስካነር (ኮዱን የሚያነብ መሣሪያ) ስገዛ የጎረቤቴ ቪትዝ ላይ ሰካሁት። ሦስት ኮድ ወጣ። አንዱ ያ የታወቀው ካታሊስት ነው። ሁለተኛው ሞተሩ በቂ ሙቀት ላይ አይደርስም ይላል። ለካ ከዓመታት በፊት አንድ መካኒክ «ቴርሞስታት እዚህ አገር አያስፈልግም» ብሎ አውጥቶ ጥሎታል። ቴርሞስታት ውሃውን 82 ዲግሪ አካባቢ እስኪደርስ ይዞ የሚያቆይ በር ነው። በሩ ከሌለ በቱሉ ዲምቱ ብርድ ሞተሩ ቶሎ አይሞቅም። ኮምፒውተሩም «ገና ቀዝቃዛ ናት» እያለ ቤንዚን ይጨምራል። ሦስተኛው ኮድ ሲሊንደር ቁጥር 3 በትክክል አያቃጥልም የሚል ነው። ይኸኛው አዲስ ነበር። መብራቱ ግን ድሮም በርቶ ስለነበር ማንም አልነገረውም።

ባትሪ ነቅሎ መመለስም ከዚሁ ጎራ ነው። መብራቱ ይጠፋል። ብዙዎቹ ጉድለቶች ግን በሁለት ተከታታይ ጉዞ ካልታዩ መብራቱን አያበሩትም፤ ስለዚህ ጥቂት ቀን እፎይ ትላላችሁ። ከዚያ ይመለሳል። ከሁሉ የከፋው ኮምፒውተሩ ጉድለቱን ሲመዘግብ አብሮ የያዘው መረጃ ይጠፋል። ፍጥነቷ ስንት ነበር? ሞተሩ ሞቆ ነበር ወይስ ገና? ይህ ሁሉ ከኮዱ ጋር ተቀምጦ ነበር። መርማሪ ሳይመጣ ቤቱን ጠርጎ እንደመጠበቅ ነው።

«ማሽን» ያለው ጋራዥ

ብዙ ሰው ቀጥታ የሚሄደው እዚህ ነው። እኔም ሄድኩ። ከተማ ውስጥ ያለ፣ ታብሌት የመሰለ ስካነር የያዘ ጋራዥ ነው። ልጁ ሰካው፤ ሁለት ደቂቃ አልፈጀበትም። ፒ0171 የሚል ወጣ። «ኦክስጅን ሴንሰር ነው» አለኝ። ሶማሌ ተራ ወርጄ ያገለገለ ገዛሁ። ገጠመልኝ፤ ኮዱን አጠፋልኝ፤ ከፍዬ ወጣሁ። በሦስተኛው ቀን ቃሊቲን ሳልፍ መብራቱ ብቅ አለ።

ፒ0171 ምን ማለት ነው? ወደ ሞተሩ ከሚገባው አየር አንጻር ቤንዚኑ አንሷል ማለት ነው። ይህን ለኮምፒውተሩ የሚነግረው ኦክስጅን ሴንሰሩ ነው። ልጁ ያደረገው ወሬ ነጋሪውን ማባረር ነው። ሴንሰሩ «አየር በዝቷል» ብሎ እውነቱን ስለተናገረ ተፈታ።

እርግጥ ኮዱ ራሱ ሴንሰሩን የሚከስበት ጊዜ አለ። ለምሳሌ ፒ0135 ስለ ኦክስጅን ሴንሰሩ ማሞቂያ ነው። ፊውዙ ደህና ከሆነና ማሞቂያው ሲለካ ተበጥሶ ከተገኘ መቀየር ተገቢ ነው። ደህና የሆነ የቶዮታ ማሞቂያ ሲቀዘቅዝ ከ11 እስከ 16 ኦም አካባቢ ያሳያል። መለካቱ ሁለት ደቂቃ ነው። የማይለካ ሰው ግን ሁለቱንም ኮድ «ኦክስጅን ሴንሰር» ብሎ ያነባቸዋል።

ሁለተኛው ጋራዥ ደግሞ «የነዳጅ ፓምፕ ደክሟል» አለ። ይህ እንኳ ያስኬዳል። የደከመ ፓምፕም ቤንዚን ያሳንሳል። ግን ግፊቱን አልለካም። ፓምፑ ተቀየረ፤ መብራቱ አራት ቀን ቆይቶ ተመለሰ።

እዚህ ላይ ፍርዴን ልስጥ። የእነዚህ ጋራዦች ማሽን ጥሩ ነው። ከኔ ርካሽ ስካነር በብዙ ይበልጣል፤ ኤቢኤስ (የፍሬን ሥርዓት) እና ኤርባግም ያነባል፤ ሞተሩ ላይ ያሉ ዕቃዎችን እየነካካ ይፈትናል። ችግሩ ማሽኑን የያዘው ሰው ኮድ ከወጣ በኋላ ምን እንደሚያደርግ ነው። ቁልፉን ከመስጠታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «ኮዱ ከወጣ በኋላ ምን ትለካለህ?» የዕቃ ስም ከጠራ ተጠንቀቁ። «የነዳጅ ግፊቱን አያለሁ፣ ቱቦዎቹን አያለሁ፣ ላይቭ ዳታውን አያለሁ» (ሞተሩ እየሠራ ሴንሰሮቹ የሚሰጡትን ቁጥር ማለቱ ነው) ካለ መኪናችሁን ስጡት። ኮዱን ከማጥፋቱ በፊትም በስልክ ፎቶ አንሱት። ቅር የሚለው ባለሙያ ካለ እሱም መልስ ነው።

የሰፈር መካኒክ

ወደ ጋሼ፣ ቆርቆሮ ጥላ ሥር ወደሚሠሩት መካኒክ፣ የሄድኩት ተስፋ ቆርጬ ነው። ስካነር የላቸውም። ያላቸው የቁልፍ ሣጥን፣ ካቻቢቴ፣ አንድ መልቲሜትርና ግማሽ ሜትር የምትሆን የውሃ ጎማ ናት። በዚያ ሳምንት ግን እኔ ትንሿን ስካነር ገዝቼ ነበር።

«ልጄ፣ ኮምፒውተሩ ምን አለ?» አሉኝ።

«አየር በዝቷል፣ ቤንዚን አንሷል።»

«እንግዲያው አየሩ የገባበትን እንፈልጋ።»

ሞተሩ እየሠራ የጎማዋን አንድ ጫፍ ጆሯቸው ላይ አደረጉ። ሌላኛውን ጫፍ በየመገጣጠሚያው ዙሪያ አዞሩት። ከዚያ ቆሙ። ከአየር ፊልትሮው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን፣ እንደ አኮርዲዮን የተጣጠፈውን ጥቁር የጎማ ቱቦ በእጃቸው ጠመም አደረጉት። እጥፋቱ መሀል፣ ከታች በኩል፣ እንደ አፍ ተከፈተ። የጣት ርዝመት ያለው ስንጥቅ። ቱቦው ሲለቀቅ ተመልሶ ይገጥማል፤ ከላይ ለሚያይ ሰው ምንም የለውም። ሞተሩ በተናጠ ቁጥር ግን እየተከፈተ፣ በአየር መለኪያው ሴንሰር በኩል ያላለፈ አየር ያስገባል። ኮምፒውተሩ ያላየውን አየር ቆጥሮ ቤንዚን ሊሰጥ አይችልም። ጉዳዩ ይኸው ነበር።

ፊልትሮውንም አወጡት። በየወሩ በኮምፕሬሰር አስነፋው ነበር። የኛ ሰፈር የውስጥ መንገድ ጥር ላይ አቧራው ጉልበት ይደርሳል፤ አዲስ ከመግዛት ብዬ ነው። ወደ ፀሐይ አንስተው አሳዩኝ። ወረቀቱ ላይ መርፌ መርፌ የምታህል ብርሃን ይታያል። ነፋሱ ቀዶታል። በዚያ በኩል የገባው አቧራ የአየር መለኪያዋን ቀጭን ሽቦ ሸፍኗታል። ያችን በእጅ አይነኳትም፤ ለሷ ተብሎ በሚሸጥ ስፕሬይ ታጠበች።

የሰፈር መካኒክ ጥንካሬው ይህ ነው። ይሰማል፣ ይዳስሳል፣ መኪናችሁን ያውቃታል፣ ነገም እዚያው አለ። መጥፎ ከሠራ ነገ ጠዋት ቡና ቤት ፊት ለፊት ትገናኛላችሁ፤ ይህ ከማንኛውም ዋስትና ይበልጣል። ድክመቱ ደግሞ ኤሌክትሮኒክስ ነው። ኮምፒውተሩ የሚያየውን ስለማያይ ሴንሰር ነክ ጉዳይ ላይ ይገምታል። አንዳንዱም «ሴንሰሩን ንቀለው፣ ያለሱም ትሄዳለች» ይላል። አየር የሚገባበትን ለማግኘት የጋለ ሞተር ላይ ቤንዚን የሚረጭ ካጋጠማችሁ ደግሞ ቁልፋችሁን ተቀብላችሁ ሂዱ። መኪና ይቃጠላል።

የራስ ስካነር

ስልክ ላይ በብሉቱዝ የሚሠራ፣ የክብሪት ሣጥን የምታክል ነገር ናት። ኢኤልኤም 327 ይሏታል። እኔ ስገዛ ከአንድ ሙሉ ታንክ ቤንዚን ያነሰ ነው የከፈልኩት። ከመሪው ሥር ባለ 16 ቀዳዳ ሶኬት አለ፤ እዚያ ትሰካለች። ስልክ ላይ ቶርክ ወይም ካር ስካነር የሚባል መተግበሪያ ይጫናል።

መጀመሪያ መኪናችሁ ትቀበላት እንደሆነ እዩ። አሜሪካ ይህን ሥርዓት እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በአዲስ መኪኖች ላይ ግዴታ አደረገች። አውሮፓ ለቤንዚን መኪኖች በ2001 ተከተለች፤ ለናፍጣ መኪኖች ትንሽ ዘግይታ። ከዚያ በፊት የተሠሩ የሌላ ገበያ መኪኖች ሶኬቱ ኖሯቸው እንኳ ቋንቋው ላይገባቸው ይችላል። ስትገዙም ቅጂዎቹ እኩል አይደሉም። 2.1 ተብለው የሚሸጡ ብዙዎቹ የአሮጌ መኪና ቋንቋ ላይ ይንተባተባሉ፤ 1.5 የሚባሉት ይሻላሉ። ሻጩን «መኪናዬ ላይ ሞክርልኝ» በሉት። አይፎን ያላችሁ ደግሞ በዋይፋይ የሚሠራውን ዓይነት ጠይቁ፤ ተራው ብሉቱዝ አይገናኝላችሁም።

ዋጋዋን የሚመልሰው ኮድ ማንበቧ ብቻ አይደለም። ፊውል ትሪም የሚባለውን ቁጥር ማሳየቷ ነው። ኮምፒውተሩ ከመደበኛው ስንት በመቶ ቤንዚን እየጨመረ ወይም እየቀነሰ እንደሆነ ይናገራል። እስከ 10 በመቶ ድረስ ብዙ አያስጨንቅም። የኔ መኪና ቆማ ስትሠራ 24 በመቶ ይጨምር ነበር። ነዳጅ ረግጬ 2,500 ዙር ላይ ስይዛት ወደ 6 ወረደ። ይህ ቅርጽ ትርጉም አለው። ቆማ ስትሠራ ከፍ ብሎ ስትረገጥ የሚወርድ ከሆነ የሆነ ቦታ አየር ሾልኮ እየገባ ነው፤ ሞተሩ ብዙ አየር ሲስብ ያቺ የሾለከችው ድርሻዋ ታንሳለች። ተቃራኒው ከሆነ፣ ማለትም ስትረገጥ እየጨመረ ከሄደ፣ ነዳጅ እየደረሳት አይደለም፤ ፓምፕና የነዳጅ ፊልትሮ ይታይ። ወይም አየር መለኪያው ቆሽሿል። ይህን አስቀድሜ ባውቅ ኖሮ ፓምፑ አይቀየርም ነበር።

ሰሞኑን ከመንገድ ዳር በሃይላንድ የተሸጠ ቤንዚን ቀድታችሁ ከሆነም እሱን አስታውሱ። ቁጥሩ በድንገት የተበላሸው ከዚያ ቀን ጀምሮ ሊሆን ይችላል።

አንድ ወጥመድ አለ። ቪትዝን ጨምሮ ብዙ ትናንሽ ሞተሮች የማኒፎልድ (አየር ወደ ሞተሩ የሚገባበት ቱቦ) ግፊት የሚለካ ሴንሰር አላቸው። ቁልፍ ተከፍቶ ሞተር ሳይነሳ የሚያሳየው የአካባቢውን የአየር ግፊት ነው። መመሪያ መጽሐፉና ዩቲዩቡ «ወደ 100 ኪሎፓስካል መሆን አለበት» ይላሉ። እነሱ የሚያወሩት ስለ ባሕር ዳርቻ ነው። እኛ ጋ 77 አካባቢ ነው የሚያሳየው፤ ትክክልም ነው። በዚህ ቁጥር ተደናግጦ ደህና ሴንሰር የቀየረ ሰው አለ። ፈጣን መንገዱ እዚሁ ደጃችን ስለሚጀምር፣ አዳማ ወርዳችሁ ብታዩት ቁጥሩ ወደ 82 ከፍ ይላል። ከፍ ካለ ሴንሰሩ ሥራ ላይ ነው።

የዚህች ስካነር ድክመት? አብዛኛውን ጊዜ ኤቢኤስና ኤርባግ አታነብም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ባለቤቷን ሐኪም ታስመስላለች። ኮድ አይቶ ኢንተርኔት ላይ ፈልጎ ዕቃ ሊገዛ የሮጠ ሰው ከመጀመሪያው ጋራዥ ልጅ በምንም አይለይም።

የመኪና ኤሌክትሪሽያን

ይህን ሰው ብዙዎቻችን እንረሳዋለን። ብዙ ኮድ በአንድ ጊዜ ሲወጣ፣ ወይም መብራቱ ጉድጓድ ሲገባ በርቶ አስፋልት ላይ ሲጠፋ ቀዳሚው ምርጫ እሱ ነው። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ሽቦ ነው። ከሜዳ አጠገብ ያለ ኮንዶሚኒየም የሚያድር መኪና ውስጥ አይጥ ሞቃት ሞተር ፍለጋ ይገባል፤ የሽቦ ልባስ ይበላል። ላቫጆ ላይ ሞተር ካስታጠባችሁ በኋላ መብራቱ ከበራም ወደሱ። ውሃው የሆነ ሶኬት ውስጥ ገብቷል፤ ፈትቶ በአየር ማድረቅ ብቻ የሚበቃበት ጊዜ አለ።

ጥሩውን የምትለዩት መጀመሪያ በሚለካው ነገር ነው። ባትሪውን ይለካል። ሞተር ጠፍቶ 12.6 አካባቢ፣ ሞተር ሲሠራ ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት። ከዚያ በታች ከሆነ ኮምፒውተሩ በረሃብ የሚቃዥ ያህል የሌለ ኮድ ያወጣል። ሴንሰር ከመግዛት በፊት የባትሪው ጫፎች ላይ ያለውን ነጭ ዝገት ማጽዳት ይቀድማል።

ትልቁ ጋራዥ

የአምራቹ ወኪል ወይም ትልልቅ ጋራዦች ቀጠሮና ዋጋ አላቸው። ለሃያ ዓመት መኪና የምመክረው ለኤርባግና ለኤቢኤስ ብቻ ነው። ወይም ሌሎቹ ሁለት ጊዜ ከወደቁ።

ሶኬት የሌላት አሮጌ ኮሮላ ካላችሁ

ዲኤክስ ኮሮላ ቤንዚን የምትቀላቅለው በካርቡሬተር እንጂ በኮምፒውተር ስላልሆነ ይህ ሁሉ አይመለከታትም። እ.ኤ.አ. የ1990ዎቹ መጀመሪያ ኢንጀክሽን ቶዮታዎች ግን ያለ ስካነር ያወራሉ። ኮፈኑን ክፈቱ። ክዳኑ ላይ ዲያግኖሲስ ተብሎ የተጻፈበት ትንሽ ጥቁር ሣጥን አለ። ከክዳኑ ሥር TE1 እና E1 ተብለው በእንግሊዝኛ የተለዩትን ቀዳዳዎች በአጭር ሽቦ አገናኙና ሞተር ሳታስነሱ ቁልፉን ክፈቱ። መብራቱ መቁጠር ይጀምራል። ሳያቋርጥ እኩል ብልጭ ብልጭ ካለ ጤነኛ ናት። ሁለት ጊዜ ብልጭ፣ ፋታ፣ አሁንም ሁለት ጊዜ ካለ 22 ነው፤ የውሃ ሙቀት ሴንሰር። 21 ኦክስጅን ሴንሰር፣ 41 የነዳጅ ፔዳሉ የሚያዝዘው የትሮትል ሴንሰር ነው። ቀዳዳ እንዳትሳሳቱ ብቻ፤ ሌላ ቦታ የገባ ሽቦ ፊውዝ ያቃጥላል። ነፃ ነው። ልጅ እያለሁ አንድ መካኒክ በወረቀት መርፌ ሲያደርገው አይቼ ጠንቋይ መስሎኝ ነበር።

እኔ ብሆን

መብራቱ በርቶ መኪናዋ ምንም ካልተለወጠች በራሴ ስካነር አነብና የሰፈሬ መካኒክ ጋ እሄዳለሁ። ከነቁጥሩ። ሁለቱ ሲገናኙ ከማንኛውም አንድ አማራጭ ይበልጣሉ። ከቆመች፣ ከጠፋፋች ወይም ኮዱ ስለ ሽቦ ካወራ ኤሌክትሪሽያን። ኮዱን የሰፈሩ ሰው ለክቶ ካልደረሰበት ማሽን ያለው ጋራዥ፤ ያውም ያችን ጥያቄ ጠይቄ። ስካነር ለመግዛት ገንዘብ ካልተመቸ ከጎረቤት ጋር ተዋጥታችሁ ግዙ። ለአንድ ሕንፃ አንድ ይበቃል።

ዕቃ መግዛት ግድ ሲሆን ሴንሰር ላይ የምመርጠው ያገለገለ ኦርጂናል ነው፤ ከአዲስ ኮፒ ይልቅ። ይህ የግሌ አስተያየት ነው፤ የሚከራከሩኝ አሉ። የጎማ ቱቦ፣ ፊልትሮና ካንዴላ ግን ምንጊዜም አዲስ።

ከጥገና በኋላ ወዲያው አትደሰቱ። ኮዱ ከጠፋ በኋላ ጠዋት ቀዝቅዛ ተነስታ፣ ሞቃ፣ ረጅም መንገድ ሄዳ፣ ይህ ለጥቂት ቀን ሲደጋገም ነው ኮምፒውተሩ ራሱን መርምሮ የሚጨርሰው። የኔን ቱቦ ከቀየርን በሳምንቱ 24 የነበረው ቁጥር 3 ሆነ። ጋሼ ስልኩን ተቀብለው በመነጽራቸው ላይ አስጠግተው አዩት። አሁን ደንበኛ ሲመጣባቸው «ያንን ነገርህን ይዘህ ና» ብለው ይደውላሉ፤ እሁድ ጠዋት ብዙ ጊዜ እዚያ ነኝ።

የተፈታውን ዕቃ ሁልጊዜ ተቀብላችሁ ሂዱ። የመጀመሪያው ጋራዥ የፈታውን ኦክስጅን ሴንሰር በጋዜጣ ጠቅልዬ ይዤው ነበር። በኋላ በመልቲሜትር ለካነው። ማሞቂያው 13 ኦም አለ። መልሰን ገጠምነው፤ የሶማሌ ተራው ደግሞ መጠባበቂያ ጎማው ሥር፣ እዚያው ጋዜጣ ውስጥ ተቀምጧል።